የሐሞት ከረጢት አብቃዩ

ሰው ሲደክመው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይተኛል፣ ወይ ይዋሻል። እኔ የምተኛበት ጊዜ ስላልነበረኝ ሁለተኛውን መረጥኩ። ይህን የማወራችሁ እንድትፈርዱልኝ አይደለም። መፍረድም ጉልበት ይፈልጋል፤ እናንተም ከሥራ የገባችሁ ትመስላላችሁ። እንዲያው አረፍ ብላችሁ ስሙኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮለምበስ ነው፣ ከሞርስ ሮድ ትንሽ ገባ ብሎ። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ስድስቱን ዓመት ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስጭን ኖሬ ወገቤ በቃኝ ሲል፣ አንድ ወዳጄ የእንስሳት በሽታ የሚጠናበት ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ አስገባኝ። ሥራው ዕቃ ማጠብ ነው። ጠርሙሱንና ብልቃጡን በሙቅ ውሃ አጥባለሁ፣ በእንፋሎት የሚቀቅል ትልቅ ማሽን ውስጥ እከታለሁ፣ አወጣለሁ፣ እደረድራለሁ። ደርድሬ ዞር ስል ሌላ ቆሻሻ ጠርሙስ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሳይንስ ማለት እኔ ባለሁበት በኩል ሆናችሁ ስታዩት የማያልቅ ዕቃ ነው።

ከማጠቢያው ማዶ ያሉት ምሁራን የሚሠሩት ግን ጉድ ነው። ውሻ ለካ የሐሞት ከረጢቱ ይታመማል! እኔ እዚያ እስክገባ ድረስ ውሻ የሚታመመው ድንጋይ ሲያገኘው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐሞቱ እየወፈረ ይሄድና እንደ ሙጫ ይረጋል፣ መውጫ ያጣል፤ ሲብስም ከረጢቱ ይፈነዳል። አለቃችን ዶክተር ኤሚሊ ታሞ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ውሻ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሥጋ ትወስድና ሴሎቹን ለይታ እንደ ጄሎ በሚረጋ ነገር ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። ምግባቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች። ቀናት ሲያልፉ ሴሎቹ ይሰባሰቡና ውስጧ ባዶ የሆነች፣ ያለ አጉሊ መነጽር የማትለይ ድቡልቡል ነገር ይሠራሉ። ኦርጋኖይድ ይሏታል። እንደ ሐሞት ከረጢት ትሆናለች፣ እንደ ሐሞት ከረጢት ትታመማለች፤ መድኃኒቱንም ነፍስ ባለው ውሻ ላይ ከመሞከራቸው በፊት እሷ ላይ ይሞክሩታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እቀናባቸዋለሁ። የሚኖሩበት ሣጥን ሙቀቱ የተመጠነ ነው። ቅዳሜና እሁድ እንኳ ተራ ገብቶ ደህና አደራችሁ ወይ የሚላቸው ሰው አለ። እኔን ቅዳሜ የሚፈልገኝ የልብስ ማጠቢያው ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሠርግ ላይ ነው። እሁድ ምሳ ሰዓት፣ ሞርስ ሮድ ላይ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ከጋሼ ሰይድ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሰይድ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ተከራይና አከራይ ሲካሰሱ የሚጠሩ፣ የሚሰሙ ትልቅ ሰው ናቸው። “አንተስ፣ አሁን የት ነህ?” አሉኝ። የኛ ሰው የት ነህ ሲላችሁ አድራሻ አይደለም የሚጠይቃችሁ፤ የት ደረስክ ነው። ከኔ በፊት የተጠየቁት አንዱ ሱፐርቫይዘር፣ አንዱ ማናጀር፣ አንዱ የራሱ ቢዝነስ ያለው ሆነው አልፈዋል። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት አምስት ቀን ቆሜ ውዬ እግሬ ጫማዬ ውስጥ አብጧል። ያበጠ እግር ይዞ ትሑት መሆን ይከብዳል።

“ላብራቶሪ ነኝ” አልኩ።

“ምን ትሠራላችሁ?”

“የሐሞት ከረጢት እናበቅላለን።”

ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም። ከረጢቱ ይበቅላል፤ እኔም እዚያው ቤት ነኝ። ያስቀረሁት አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ የውሻ የምትለዋን። ለምን ብትሉኝ፣ አንደኛ፣ ሥጋ እየበላን ነበር። ሁለተኛ፣ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ እጠብ እየተባለ ያደገ ሰው በተሰበሰበበት ማዕድ ላይ፣ ከውሻ ሐሞት ጋር ስታገል እውላለሁ ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ለብቻው ይበላል። ስለዚህ ቃሏን ከጉርሻዬ ጋር ዋጥኳት።

እዚህ አገር ዶክተር ለመሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል ይላሉ። እኔ ከአዳራሹ እስከ ፓርኪንጉ ነው የፈጀብኝ። መኪናዬን ሳልከፍት ሁለት ሰው “ዶክተር፣ ደህና ዋል” ብሎኛል። ማስተባበል ነበረብኝ። ግን ጫማዬን እስካወልቅ ቸኩዬ ነበርና ነገ አስተባብላለሁ ብዬ ገባሁ።

በነጋታው ስልኩ ጀመረ። አንዱ ኩላሊት ታበቅላላችሁ ወይ አለኝ። አንዲት እናት የልጇ ቁመት አልጨመር ብሏት ጨነቃት። አንድ ስሙን ያልነገረኝ መላጣ ደግሞ፣ መላጣነቱን ራሱ ነው የነገረኝ፣ “ሐሞት ያበቀለ ሰው ፀጉር ያቅተዋል?” ብሎ ተከራከረኝ። ባለቤቴ ሐያት በየቀኑ “ንገራቸውና ተገላገል” ትለኛለች። እኔም በየቀኑ ነገ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል።

በዚህ መሃል እትዬ ጦይባ ደወሉ። እትዬ ጦይባ ሠርጉ ላይም ሰላም ያልኳቸው፣ ኢስትሙር ሰፈር የሚኖሩ የወሎ ሴት ናቸው። ይህን አገር ስረግጥ፣ ቤት እስካገኝ ድረስ ሦስት ወር ቤዝመንታቸው ውስጥ ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። ለሌላው ስልክ አልሰማሁም ማለት ይቻላል፤ ለሳቸው አይቻልም።

“ዶክተር ልጄ!”

“እትዬ፣ እባክዎ ዶክተር አይበሉኝ።”

“አላህ ይጨምርልህ። ስማኝማ፣ ሐሞትሽ ውስጥ ጠጠር አለ፣ ከረጢቱ ይውጣ ብለውኛል። ቀጠሮም ይዘውልኝ ነበር።”

“ነበር?”

“ካንሰል አደረግኩት። አንተ አዲስ እያበቀልክ እኔ ባዶዬን ልቅር?”

ሕመሙ ሁለት ጊዜ ኢመርጀንሲ አስገብቷቸዋል። ሐኪሙ ከዘገየ ይመረቅዛል፣ ሊፈነዳም ይችላል ብሎ ነግሯቸዋል። እኔ ደግሞ ሳይንሱን ባላውቅም መዘግየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዘግይቶ የመጣ ውሻ ናሙና ሲደርሰን ዶክተር ኤሚሊ ጓንቷን ታወልቅና ለትንሽ ጊዜ ወደ ኮሪደሩ ትወጣለች። ያንን ኮሪደር እኔ ነኝ የምወለውለው። በኔ አንዲት ጉርሻ የተነሳ እናቴ የምትሆን ሴት እዚያ ልትደርስ ነው ብዬ ፈራሁ፣ ከምር ፈራሁ።

“እትዬ፣ እኛ ጋ ያለችው በጣም ትንሽ ናት። ከጤፍ ታንሳለች።”

“ታዲያ ታድግ የለ? እኔስ ስወለድ ይህን አክል ነበርኩ?”

“አታድግም።”

“ምን ትበላለች?”

“ቀይ ቀይ ውሃ ነገር ይሰጧታል።”

“እሱ ነዋ! ውሃ እየጠጣች ምን ኖሯት ትደግ? አጥሚት ስጧት።”

አማራጭ አጣሁ። የዋጥኳትን ቃል አወጣኋት። “እትዬ ጦይባ፣ የውሻ ናት።”

እትዬ ጦይባ ረጋ ብለው፣ “ልጄ፣ አልሰጥም ማለት አንድ ነገር ነው። ውሻን ምን አመጣው?” አሉና ዘጉት። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሱም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ሰይድና ጋሼ ታደሰ ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጋሼ ታደሰ ክርስቲያን ናቸው፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን ይላካል። ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሼ ይመር ትራክ ይነዳሉ፣ ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ በቪዲዮ ነው የመጡት። ጋሼ ሰይድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ካለ ብርጭቆ ጋር አስደግፈው አቆሟቸው።

“ግቡ፣ ተቀመጡ” አልኩ።

“እሺ ሳትለን አንቀመጥም” አሉ ጋሼ ሰይድ።

ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ አልቀመጥም ካለ አይቀመጥም። ውሃ ብትሰጡት አይጠጣም። ጋሼ ሰይድ ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፣ አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዟል። ከስልኩ ውስጥ በነፋስና በመኪና ድምፅ መሃል፣ “እኔም ከትራኩ ወርጄ ቆሜያለሁ! ኢንዲያና ነኝ!” የሚል ተሰማ።

“እትዬ ጦይባ እናትህ ናት” ብለው ጀመሩ ጋሼ ሰይድ። “ከፍተኛ ሰው ሆነሃል፣ ኮርተንብሃል። አንድ ሐሞት ከረጢት ምን አላት? ለመሆኑ እናንተ ጋ ስንት አለ?”

“በሺህ የሚቆጠር” አልኩ፣ ሳላስብ። እውነት ነው፤ አንዲት ጠብታ ጄሎ ውስጥ እንኳ ስንትና ስንት አለ።

“ሺህ!” አሉ ወደ ጋሼ ታደሰ ዞረው። “ከሺህ አንድ!”

“ጋሼ፣ የውሻ እኮ ነው።”

“እሱን ተመካክረንበታል። ነፍስ ለማዳን ከሆነ ምንም አይደል ብለው ሃይማኖቱን የሚያውቁ ሰው ነግረውናል። ታደሰ፣ የወንድምህን ንገረው።”

“ወንድሜ የአሳማ ቫልቭ ነው ልቡ ውስጥ ያለው” አሉ ጋሼ ታደሰ። “ሰላሳ ደረጃ ሳያርፍ ይወጣል። እኔ ያው የራሴን ይዤ አሥሩ ላይ እቆማለሁ።”

“አዲስ ባይኖር ዩዝድም ይሁን!” አሉ ጋሼ ይመር ከኢንዲያና። “አሜሪካ ውስጥ አዲስ ነገር መች ገዝተን እናውቃለን?”

ሐያትን አየኋት። ሐያት ጣሪያውን አየች። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ነገ የሚባል ቀን የለም ብዬ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ተናገርኩት።

“እኔ ዶክተር አይደለሁም። ተመራማሪም አይደለሁም። ዕቃ አጣቢ ነኝ። ጠርሙስ ነው የማጥበው።”

የጋሼ ሰይድ ዓይን በእንባ ተሞላ።

“ማሻአላህ” አሉ። “ትሕትናውን አየህልኝ፣ ታደሰ?”

“የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል” አሉ ጋሼ ታደሰ።

“ምን አለ? ምን አለ?” ጋሼ ይመር ናቸው።

“ዕቃ አጣቢ ነኝ አለ!”

“ይህ ነው ትልቅ ሰው! ዝቅ ሲል ነው የሚታወቀው!”

ለአንድ ወር ስሸሸው የከረምኩት እውነት፣ በመጨረሻ ደፍሬ ሳወጣው የሚገዛው አጣ። ውሸቴን ማመን አንድ ምሳ ነው የፈጀባቸው። እውነቴ ግን ስንቴ ብናገረው ጨዋነት እየሆነ ይመለስብኛል። አጣቢ ነኝ ባልኩ ቁጥር ማዕረጌ ይጨምራል። ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ጋሼ ታደሰ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ያዳነችኝ ልጄ ሰልማ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ውሃ ልትቀዳ ከክፍሏ ወጥታ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ግድግዳ ይዘው ሲንቀጠቀጡ አየች።

“ዳድ፣ ዋይ አር ዜይ ስታንዲንግ?” ለምን ቆሙ ማለቷ ነው።

“ሽማግሌዎች ናቸው፣ ግቢ።”

“ሂ ወሽስ ቦትልስ” አለቻቸው፣ እንደ ቀላል ነገር። “ሂ ኢዝ ኖት ኤ ዶክተር።” ጠርሙስ አጣቢ እንጂ ዶክተር አይደለም ብላ ስልኳን ከፈተች። ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት አንድ ቀን ሥራ ቦታ ይዣት ሄጄ ያነሳችኝ ፎቶ ነው። የፕላስቲክ ሽርጥ ታጥቄያለሁ፣ ጓንቴ ክርኔ ላይ ደርሷል፣ ፊቴ በእንፋሎቱ ቀልቷል፣ በቀኝ እጄ የጠርሙስ ብሩሽ ይዣለሁ።

ጋሼ ሰይድ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። “ይህ አንተ ነህ?”

“ነኝ።”

ጋሼ ሰይድ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማነው። ቀጥለው ጋሼ ታደሰ ተቀመጡ።

“እሺ አለ እንዴ?” አሉ ጋሼ ይመር።

“ተቀመጥ፣ ይመር” አሉ ጋሼ ሰይድ በደከመ ድምፅ።

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ አልሰደቡኝም። ሐያት ውሃ አቀረበች፣ ጠጡ። ስለ ከረጢቷ የቀረውን እውነት ሁሉ ነገርኳቸው። ለሰው እንደማትሆን፣ ለውሻም ብትሆን ልትገጠም ሳይሆን ልትጠና ብቻ እንደምትበቅል አስረዳኋቸው።

“ታዲያ ለጦይባ ምን እንበላት?” አሉ ጋሼ ታደሰ።

“እኛ ምንም አንላትም” አሉ ጋሼ ሰይድ። “እኛ መቆማችን ይበቃናል። የዋሸው እሱ፣ የሚነግራት እሱ።”

በነጋታው ወደ ኢስትሙር ነዳሁ። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያውንም ደቂቃ በመስታወቱ ውስጥ ራሴን እያየሁ ይቅርታ ስለማመድ ሄድኩ። ቀይ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመች ሴትዮ መስኮቷን ዘጋችብኝ።

እትዬ ጦይባ በሩን ሲከፍቱ ደነገጥኩ። ከስተዋል። ቀኝ ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈዋል። ሕመሙን ፍራቻ ዘይትና ሥጋ ትተው በደረቅ ዳቦና በሻይ እየኖሩ ነው። ሳልቀመጥ ጀመርኩ፣ ከተቀመጥኩ የማልነግራቸው መሰለኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ዕቃ አጣቢ ነኝ፣ ለእርስዎ የሚሆን ከረጢት የለም፣ የውሻ ነው ያልኩዎትም እውነት ነው፣ ሠርጉ ላይ ልኮራ ብዬ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

እትዬ ጦይባ እጄን ሳቡና ወደ መስኮቱ ብርሃን ገለበጡት። ጣቶቼ መሃል በሳሙናው ብዛት የተሰነጠቀውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

“ሠርጉ ላይ ሰላም ስትለኝ አውቄዋለሁ” አሉ።

“ምኑን?”

“ይህን እጅ። ጂዳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ዕቃ አጥቤያለሁ። የዶክተር እጅ እንዲህ አይሰነጠቅም።”

መጀመሪያ አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። “ካወቁ ታዲያ ለምን? ሽማግሌ ልከው እኮ አስቆሙብኝ! ጋሼ ሰይድ በዚያ ጉልበታቸው! ጋሼ ይመርን መንገድ ዳር ነፋስ ሊወስዳቸው ነበር!”

ተነስተው ከቴሌቪዥኑ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጡ። የሆስፒታሉ ፎርም ነው። ሁሉም ተሞልቷል፣ ከታች አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሽተኛዋን ማን ወደ ቤት ይወስዳታል ይላል። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ብቻውን አይለቀቅም።

“ልጄ ሲያትል ናት፣ ሁለት ጆብ ነው የምትሠራው። እሷን ልጥራ?” አሉ። “ይህችን ባዶ አድርጌ ብመልስላቸው ሰው ከሌለሽ አይሆንም አሉኝ። አፍሬ ካንሰል አደረግኩት።”

“ለኛ አይነግሩንም ነበር?”

“ምን ብዬ? ፈርቻለሁ ብዬ?” ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። “ያስተኙኛል፤ ሳልነቃ ብቀር ስሜን የሚጠራ ሰው በር ላይ የለም። ሐሞት ስጡኝ ስል ሦስት ሽማግሌ ቆመልኝ። ፈርቻለሁ ብል ማን ይመጣልኝ ነበር?”

እኔ ልል ነበር። ግን የምንኖረው አንድ ከተማ ነው፤ ካለፈው ዒድ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ደከመኝ ስል ነው የከረምኩት፤ ደክሞኝም ነበር። እሳቸው ግን ያን ጊዜ እኔን ቤዝመንታቸው ሲያስገቡ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠሩ ነበር።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ስሜን ጻፍኩ። ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩ። ቀጥሎ ለበሽተኛዋ ምኗ እንደሆንኩ የሚጠይቅ መስመር መጣ። እስክሪብቶዬን አቆምኩ። እትዬ ጦይባ መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

“እዚህች ላይ እንኳ አትዋሽ” አሉኝ።

“ልጅ” ብዬ ጻፍኩ።